በሁለት ፊልሞች መሃል የጠፋው ሰው

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ቤት ቁጭ ብለን የስቲቨን ስፒልበርግን «ሊንከን» ደግመን አየነው። ፊልሙ የወጣው በ2012 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ይያዝልኝ።) ዳንኤል ዴይ ሉዊስ ሊንከንን የተጫወተ ሳይሆን ሊንከን ራሱ ተነስቶ የመጣ ነው የሚመስለው፤ ኦስካሩንም በዚሁ ወስዷል። ስለ ትወናው ክፉ የሚወጣኝ የለም። የኔ ነገር ፊልሙ ገና ሳይሟሟቅ፣ ተመልካቹ ወንበሩን እያመቻቸ ሳለ ሹልክ ብላ ከምታልፍ አንዲት ንግግር ጋር ነው።

ሁለት ጥቁር ወታደሮች ቆመው ፕሬዚዳንቱን ያነጋግራሉ። አንደኛው ደፋር ነው። ከነጭ ወታደር እኩል አለመከፈሉን ያነሳል፤ ጥቁር መኮንን ለምን እንደሌለ ይጠይቃል። ቀጥሎም ተስፋውን በዓመታት ከፋፍሎ ይደረድራል፤ አስቀድሞ ሹመት፣ ቆይቶ ከፍ ያለ ሹመት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የመምረጥ መብት።

ወዳጄ ጭኑን መታ። «አየህልኝ እንዴት አድርጎ እንደሸጎጣት! 1865 ላይ መቶ ስትደምር ስንት ይመጣል? 1965! ማርቲን ሉተር ኪንግ!»

ልክ ብሏል። የፊልሙ ጽሑፍ የቶኒ ኩሽነር ነው፤ ስመ ጥር ጸሐፌ ተውኔት ነውና እንዲህ ያለ ነገር አምልጦት አይጽፍም። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ያንን ወታደር ሆኖ የተጫወተው ዴቪድ ኦየሎዎ በ2014 በወጣው «ሰልማ» ላይ ራሱ ማርቲን ሉተር ኪንግን ሆኖ መምጣቱ ነው። በአንዱ ፊልም ቀጠሮ ይዞ በሌላው ቀጠሮውን አከበረ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ጠቤ እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ታሪኩ ግን አይደለም። ያ ወታደር ከጦርነቱ ተርፎ ወደ ደቡብ ቢወርድ ኖሮ ድምፅ ለመስጠት መቶ ዓመት መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር። ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም። በ1867 በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ከ700,000 በላይ ጥቁር ወንዶች በመራጭነት ተመዘገቡ። ተሰልፈው ድምፅ ሰጡ፣ ተወዳደሩ፣ አሸነፉ፣ ሕገ መንግሥት አረቀቁ። የተነጠቁት ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ዘንድ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ተረቱን አልጠላውም፤ ለዚህ ታሪክ ግን አይሆንም። እዚህ እንቁላሉ ተፈልፍሎ በእግሩ ሄዶ ነበር፤ ያውም ሮጦ። መንገድ ላይ ጠብቀው ነው ያረዱት። ፊልሙ ግን መቶ ዓመት ሙሉ ያልተፈለፈለ አድርጎ ይነግረናል። እኛም እንቀበለዋለን፤ ምክንያቱም ስለ አሜሪካ ጥቁሮች የምናውቀውን አብዛኛውን ያገኘነው ከስክሪን ነው። ኩንታ ኪንቴን እናውቃለን፣ ኪንግን እናውቃለን። በመካከሉ ያለውን ረጅም እንቅልፍ አድርገን ነው የምናስበው።

ፊልሙ የሚተርከው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዴት እንዳለፈ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 1865 የተወካዮች ምክር ቤት 119 ለ56 በሆነ ድምፅ አሳለፈው፤ በዲሴምበር ወር ፀደቀ። ሊንከን በመካከሉ፣ በኤፕሪል ተገደለ። ከመገደሉ ከቀናት በፊት ለተሰበሰበ ሕዝብ ንግግር አድርጎ፣ ለተማሩትና በጦሩ ላገለገሉት ጥቁሮች የመምረጥ መብት ቢሰጥ እንደሚወድ ተናግሮ ነበር። (ይህን ፊልሙም በጨረፍታ ያነሳዋል፤ ሐቁን አልደብቅበትም።) ገዳዩ ጆን ዊልክስ ቡዝ ከአድማጮቹ መሃል ቆሞ ነበር።

ታዲያ 13ኛው ማሻሻያ ሰውየውን ባሪያ አይደለህም አለው እንጂ ማን እንደሆነ አልነገረውም። ዜጋ ነው? ይመርጣል? ፍርድ ቤት ቆሞ ነጭ ላይ ይመሰክራል? ዝም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ የአፍሪካ ዘር ያለበት ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ወስኗል፤ ያ ውሳኔ እንዳለ አለ። ዝምታውን የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ቶሎ ሞሉት። ሚሲሲፒ በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ ጥቁር ሁሉ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ሥራ እንዳለው የሚያስረዳ ወረቀት መያዝ ነበረበት። ወረቀት የሌለው ቦዘኔ ነው። (ቃሏ ለእኛም አንባቢ እንግዳ አይደለችም።) ቦዘኔ ይቀጣል፤ ቅጣቱን መክፈል ያልቻለ ጉልበቱ ለከፈለለት ሰው ይከራያል። የሚከፍለው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም፤ የቀድሞ ጌታው ነዋ! የሚያሳዝነው ደግሞ ማሻሻያው ራሱ «በወንጀል ተፈርዶበት ለሚቀጣ ካልሆነ በቀር» የሚል ቀዳዳ ነበረው። በሩ ተዘግቶ ቁልፉ እዚያው በሩ ላይ ተሰክቶ ቀረ።

የሰሜኑ ፖለቲከኞች ይህን አይተው ያዘኑት በርኅራኄ ብቻ ነው ካልኩ እዋሻለሁ። አንድ ክፉ ሒሳብ መጥቶባቸው ነበር። በቀድሞው ሕገ መንግሥት የክፍለ ግዛቶች የምክር ቤት ወንበር ሲደለደል አምስት ባሪያዎች እንደ ሦስት ሰው ይቆጠሩ ነበር። ባርነት ሲቀር አምስቱ አምስት ሆኑ። ጥቁሩ ሳይመርጥ እንዲሁ ከተቆጠረ፣ ጦርነቱን የተሸነፈው ደቡብ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው የበለጠ ወንበር ይዞ ዋሽንግተን ሊመለስ ነው! የአሸናፊን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። እንግዲህ ጽድቁም ስጋቱም ተደባልቀው ነው 14ኛው ማሻሻያ በ1866 ተረቅቆ በ1868 የፀደቀው።

የዚህ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ በአሜሪካ ምድር የተወለደና ለሕጓ ተገዢ የሆነ ሁሉ የአሜሪካም የሚኖርበት ክፍለ ግዛትም ዜጋ ነው ይላል። የድሬድ ስኮት ውሳኔ በዚህች ተቀበረ። እዚህ ላይ ወዳጄን አንድ ነገር ጠየቅሁት። እህቱ ሜሪላንድ ነው የወለደችው፤ የልጁን ፓስፖርት ፎቶ በስልኩ ይዞ ለመጣው ሁሉ ያሳያል። «ይህን ፓስፖርት ማን የሰጠው ይመስልሃል?» አልኩት። «አሜሪካ ነዋ» አለኝ። አዎ፤ ግን ዓረፍተ ነገሩ የተጻፈው ከጥጥ እርሻ ለወጡ ሰዎች ነው። ሳንፍራንሲስኮ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ በዚህችው ዓረፍተ ነገር ተከራክሮ በ1898 ረታ፤ ከዚያ ወዲህ የስደተኛ ልጅ ሁሉ ከሥሯ ተጠለለ። የእኛዎቹም ልጆች እንደዚያው። በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያለ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ካሉ ወላጆች የሚወለዱትን ከዚህ ጥላ ለማውጣት ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ ፍርድ ቤቶች ወዲያው አገዱት፤ ክርክሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ያን ሰሞን በየኤምባሲው ደጅና በየስልኩ ስለ ጉዳዩ ሲጨነቅ የነበረው አበሻ ስንቱ የጥቁር አሜሪካውያንን ስም አንስቶ ይሆን? በበኩሌ አንድም አልሰማሁም። ይልቁንም ዋሽንግተን ኖረው የመጡ አንዳንድ ዘመዶቻችን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሚያወሩትን ሰምቼ አንገቴን የደፋሁባቸው ጊዜያት አሉ። እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ወደ ምርጫው እንመለስ። 14ኛው ማሻሻያ ዜግነትን ሰጠ እንጂ የመምረጥ መብትን በቀጥታ አልሰጠም። ወንዶችን እንዳይመርጡ የሚከለክል ክፍለ ግዛት የምክር ቤት ወንበሩ ይቀነስበታል ብቻ ነው ያለው፤ ይህም ቅጣት አንድም ቀን ተፈጻሚ ሆኖ አያውቅም። «ወንድ» የሚለው ቃልም በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የገባው በዚህ አንቀጽ የመጀመሪያ ጊዜው ነው፤ ኤሊዛቤት ኬዲ ስታንተንና ሱዛን አንተኒ በንዴት የጦፉት በከንቱ አልነበረም። በደቡብ ምርጫውን የከፈተው ኮንግረሱ በ1867 ያወጣው ሕግ ነው። ደቡብን በአምስት ወታደራዊ ቀጣና ከፍሎ፣ ወደ ኅብረቱ መመለስ የፈለገ ክፍለ ግዛት ጥቁሮችም በሚመርጡበት ጉባኤ አዲስ ሕገ መንግሥት ይጻፍ አለ።

ተጻፈም። በደቡብ ካሮላይና የ1868ቱ ጉባኤ አብዛኞቹ ልዑካን ጥቁሮች ነበሩ። ብዙዎቹ ከሦስት ዓመት በፊት የሚሸጡና የሚለወጡ ሰዎች። ምን አደረጉ? የቀድሞ ጌቶቻቸውን መሬት ነጠቁ? አልነጠቁም። ለነጩም ለጥቁሩም ልጅ የሚሆን ነፃ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይቋቋም ብለው ጻፉ። የነጭ ድሃ ልጅ በዚያ አገር ትምህርት ቤት የገባው በእነሱ ድምፅ ነው። በ1870 ሃይራም ሬቭልስ ከሚሲሲፒ ሴኔት ገባ፤ በዚያው ዓመት ጆሴፍ ሬይኒ ከደቡብ ካሮላይና የተወካዮች ምክር ቤት ገባ። በዚያ አሥር ዓመት ገደማ ከዳኝነት እስከ ሴኔት በተለያየ ሥልጣን የተቀመጡ ጥቁሮች 2,000 ያህል እንደሚሆኑ የታሪክ ምሁሩ ኤሪክ ፎነር ቆጥሯል። እንቅልፍ አልኩ? ይህ እንቅልፍ ከሆነ ንቃት ምን ሊሆን ነው!

ይህን መብት በጽኑ መሠረት ላይ ያቆመዋል የተባለው 15ኛው ማሻሻያ ነው። በ1869 ኮንግረስ አሳለፈው፤ በ1870 ፀደቀ። እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ እንጂ የሕግ ሰው መሆን አያስፈልግም። ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ልብ ብሎ ማንበብ ነው። ማሻሻያው «ዜጋ ሁሉ ይመርጣል» አይልም። የዜጎች የመምረጥ መብት በዘር፣ በቀለም ወይም ቀድሞ ባሪያ በመሆን ምክንያት አይከለከልም ነው የሚለው። አሉታ ነው። ሦስት ምክንያቶችን ይከለክላል፤ ሌላውን ምክንያት ሁሉ ክፍት ይተዋል። ድህነትስ? አለመማርስ? አያትህ ማን ነበር ማለትስ?

እንዲህ የተጻፈው ሳይታሰብ ቢሆን ኖሮ ይቅር በተባለ። ግን ታስቦበታል። ሴናተር ሄንሪ ዊልሰን ያቀረበው ረቂቅ በንብረት፣ በትምህርት፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ጭምር መከልከልን ያግድ ነበር፤ ሴኔቱም ተቀብሎት ነበር። በመጨረሻው ድርድር ተጣለ። የጣለው ደቡብ አይደለም፤ ሰሜንና ምዕራብ ነው። ማሳቹሴትስና ኮኔቲከት ማንበብ የማይችል ስደተኛ እንዲመርጥ አልፈለጉም፤ ካሊፎርኒያ ቻይናውያን እንዲመርጡ አልፈለገችም። ለየራሳቸው ትንሽ አጥር ሲሉ የሚሊዮኖችን ቤት ያለ ጣሪያ ተዉት። በኔ ግምት በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እንደ ፊልም ሊቀረጽ የሚገባው ትዕይንት ይህ ነው፤ ጥሩው ረቂቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ደህና የሚባሉ ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው፣ ደካማውን የመረጡበት ምሽት። ስፒልበርግ ድምፅ ሲቆጠር ልብ ማንጠልጠል ያውቅበታል፤ ይህኛው ቆጠራ ግን ጭብጨባ የለውም።

ውጤቱ ብዙም አልቆየም። በ1873 በሉዊዚያና ኮልፋክስ በምርጫ ውዝግብ ሳቢያ በርካታ ጥቁሮች ታረዱ፤ የተፈረደባቸው ጥቂት ነጮች በ1876 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተለቀቁ። 14ኛው ማሻሻያ የሚከለክለው መንግሥት የሚያደርገውን እንጂ ግለሰብ የሚያደርገውን አይደለም ተባለ። በዚያው ዓመት በሌላ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ 15ኛው ማሻሻያ ለማንም የመምረጥ መብት አይሰጥም ሲል ወሰነ። በሰዋስው ረገድ እውነቱን ነው! በ1877 የፌዴራሉ ጦር ከደቡብ ድጋፉን አነሳ። ሚሲሲፒ በ1890 አዲስ ሕገ መንግሥት ጻፈች፤ ሁለት ዶላር የምርጫ ግብር፣ ከሕገ መንግሥቱ አንድ ክፍል አንብቦ ወይም ሲነበብለት ተረድቶ ማስረዳት። ፈታኙ ነጭ መዝጋቢ ነው። በምርጫ ድንጋጌዎቹ ውስጥ ጥቁር የሚል ቃል አንድ ቦታ አልነበረም፤ አያስፈልግማ። ሌሎቹም ተከተሉ። በሉዊዚያና በ1896 የተመዘገቡት ጥቁር መራጮች 130,334 ነበሩ፤ በ1900 5,320 ቀሩ።

የሉዊዚያና ሰዎች አንድ ችግር ገጥሟቸው ነበር፤ ማንበብ የማይችል ነጭም ሞልቷል። መላ አበጁለት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1867 መራጭ የነበረ ሰው፣ ልጁና የልጅ ልጁ ፈተናው አይመለከታቸውም አሉ። ቀኑን አያችሁት? ለምን 1867? ጥቁሮች መምረጥ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት ስለሆነ ነው! መብቱን ሊነጥቁ የተነሱት ሰዎች መቼ እንደተሰጠ በቀን ለይተው ያውቁ ነበር። የፊልሙ ደራሲ «መቶ ዓመት» ያለውን ጠላቶቹ በአዋጅ ጽፈው አስተባብለውታል።

ስለዚያ ዘመን ትልቅ ፊልም አልተሠራም ማለቴ አይደለም። ተሠርቷል፤ ባይሠራ በተሻለ። በ1915 ዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ «የአንድ ሕዝብ ልደት» የተባለውን አወጣ። በዚያ ፊልም የደቡብ ካሮላይና ምክር ቤት ሲታይ ጥቁሮቹ እንደራሴዎች ባዶ እግራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው፣ አረቄ እየጨለጡ ነው። ትምህርት ቤት ያቋቋመው ምክር ቤት ማለት ነው! ፊልሙ ዋይት ሃውስ ውስጥ ለፕሬዚዳንት ዊልሰን ታየ፤ በዚያው ዓመት ኩ ክሉክስ ክላን እንደገና ተመሠረተ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዊልያም ደኒንግ ደቀ መዛሙርት ተመሳሳዩን በመጽሐፍ ይጽፉት ነበር። ዱ ቦይስ በ1935 ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ ተከራከራቸው፤ የሰማው ጥቂት ነው።

«ሊንከን» እንደ ግሪፊዝ አይዋሽም። ዝም ነው የሚለው። ዝም ሲል ግን ግሪፊዝ የሞላውን ባዶ ቦታ ባዶውን ያስቀጥለዋል፤ ተመልካቹም መብት ከዓመታት ብዛት የሚወለድ፣ ቁጭ ብሎ የሚጠበቅ ነገር ይመስለዋል። «ሰልማ» በተሻለ ይነግረናል፤ ኪንግ የጠየቀው አዲስ ሕገ መንግሥት ሳይሆን 95 ዓመት የሞላው አንቀጽ እንዲተገበር ነበር። የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግም የቆመው በዚያው በ15ኛው ማሻሻያ ላይ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ 7 በመቶ እንኳ የማይሞላው የጥቁሮች ምዝገባ በሁለት ዓመት ወደ 60 በመቶ ገደማ ወጣ። በ1867 የሆነው በ1967 ዳግመኛ ሆነ ማለት ነው።

ለፊልሙ የሚቆረቆር ወዳጄ እዚህ ላይ አንድ ጥሩ መልስ ነበረው። ሚሲሲፒ 13ኛውን ማሻሻያ በምክር ቤቷ ያፀደቀችው በ1995 ነው። ወረቀቱ ግን ወደሚመለከተው ቢሮ ሳይላክ ቀረ። በ2012 በዚያ ክፍለ ግዛት የሚኖር አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር «ሊንከን»ን አይቶ ሲያበቃ ነገሩን ፈልጎ ደረሰበት፤ በፌብሩዋሪ 2013 ጉዳዩ በይፋ ተመዘገበ። «ይኸው፣ ፊልም ሥራ ሠራ!» አለኝ። አልተከራከርኩትም። በዚያው ዓመት በጁን ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ1965ቱ ሕግ ዋነኛውን አንቀጽ፣ በመድሎ የታወቁ ክፍለ ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ሳያስፈቅዱ እንዳይለውጡ የሚያደርገውን፣ እንዳይሠራ ማድረጉን ግን ነገርኩት።

«እሺ፣ አንተ ብትሆን ማንን ትቀርጽ ነበር?» አለኝ።

ሮበርት ስሞልስን። በ1839 ቦፎርት፣ ደቡብ ካሮላይና በባርነት ተወለደ። በሜይ 1862 «ፕላንተር» የተባለችውን የደቡብ ጦር መርከብ፣ ነጮቹ መኮንኖች ለአዳር ወርደው ሳለ፣ ቤተሰቡንና ጓደኞቹን ጭኖ፣ የካፒቴኑን የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ፣ በምሽጎቹ ፊት ተገቢውን ምልክት እየሰጠ አልፎ ለሰሜን ባሕር ኃይል አስረከባት። ስፒልበርግ ከዚህ የተሻለ መክፈቻ የት ያገኛል? ከጦርነቱ ጋር አላበቃም። ከጓሮው የተወለደበትን የጌታውን ቤት ገዛ። በ1868ቱ ጉባኤ ልዑክ ሆኖ ስለ ትምህርት ቤት ተሟገተ። ኮንግረስ ገባ። በ1895 ደቡብ ካሮላይና የጥቁሮችን ድምፅ ለመንጠቅ አዲስ ሕገ መንግሥት ልትጽፍ ጉባኤ ስትጠራ ከ160ው ልዑካን ስድስቱ ብቻ ጥቁሮች ነበሩ፤ አንዱ እሱ ነው። ሲሰጥም ሲነጠቅም በአዳራሹ የነበረ ሰው። ተከራከረ፣ ተሸነፈ፣ ሰነዱን አልፈርምም አለ።

የሞተው ቦፎርት ውስጥ በዚያው ቤቱ በፌብሩዋሪ 1915 ነው። በዚያው ወር የግሪፊዝ ፊልም ዋይት ሃውስ ውስጥ ታየ።